የከተማ ዕድገትና የቅርስ ጥበቃ

አንድ ቤተሰብ ልጆቹ ሲበዙና ሲያድጉ የሚኖርበት ቤት ይጠበዋል። በዚህ ጊዜ ከቤተሰቡ አባላት ከፊሎቹ፣ «አሮጌውን ቤት አፍርሰን በቦታው ሰፊና ዘመናዊ ቤት እንሥራ» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «ይህ ቤት አያቶቻችን የሠሩት ነው፤ በጓሮ ያለውም ወይራ በእነርሱ እጅ የተተከለ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ጠግነን አዲሱን በጎኑ እንሥራ» ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። የፊተኞቹ የሚያስቡት ዛሬ መኝታ ስለጠበባቸው ልጆች ነው፤ የኋለኞቹ የሚያስቡት ደግሞ አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ በገንዘብ ተገዝቶ ስለማይመለስ ነገር ነው። በማደግ ላይ ያለ ከተማ የሚገጥመውም ጥያቄ ከዚህ ቤተሰብ ጥያቄ እምብዛም የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በከተማው ጉዳይ የሚሊዮኖች ኑሮና ገና ያልተወለደው ትውልድ ድርሻ ያለበት መሆኑ ነው።

ቅርስ ማለት ካለፈው ትውልድ ተረክበን ለሚመጣው ትውልድ የምናስረክበው ሀብት ነው። ቅርስ ሲባል ብዙውን ጊዜ በአሳባችን የሚመጣው ሐውልት፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነው። ይሁን እንጂ ደኑ፣ ወንዙ፣ ምንጩና ተራራውም ተፈጥሮ የሰጠችን ቅርሶች ናቸው። የሰው እጅ የሠራው ቅርስና ተፈጥሮ የሰጠችው ቅርስ በአንድ ከተማ ውስጥ ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላው አብሮ ይጎዳል። ይህን ለመረዳት የአዲስ አበባን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ ከተማቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ ለመከላከያ የተመቸ ቢሆንም፣ ብርዱና ነፋሱ ለኑሮ አስቸጋሪ ነበር። ከተራራው ግርጌ ግን በአካባቢው የሚኖሩት ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ብለው በሚጠሩት ቦታ ከመሬት የሚፈልቅ ፍል ውኃ ነበረ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በዚሁ ፍል ውኃ አካባቢ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱና ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ከተራራው እየወረዱ በየጉብታው ላይ ሰፈሩ። እንግዲህ ይህችን ከተማ የወለዳት ምንጭ፣ ስም ያወጣላትም አበባ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ተፈጥሮ የወለደቻት ከተማ ተፈጥሮን ለመጉዳት ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። በየሰፈሩ ለሚተከለው ቤት ቋሚና ማገር፣ በየምድጃው ለሚነደው እሳት ማገዶ ያስፈልግ ስለነበር፣ በአካባቢው የነበረው የጽድና የወይራ ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። የማገዶው እጥረት እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋናውን ከተማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደሚገኘው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ፣ በዚያ ቤተ መንግሥት መሠራት ጀምሮ ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ በዚያው ዘመን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚህም ምክንያት ሕዝቡ በየግቢው ተከለው፤ የመዛወሩም አሳብ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም ተጀምሮ የነበረውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ደን ሲያልቅ የሚያልቀው ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ከተማውም ራሱ በቦታው ለመቆየት ያለው ዕድል ነው። ባሕር ዛፉ ማገዶ ቢተካም፣ ለቤት ምሰሶ በጥንካሬው ይመረጥ የነበረውን፣ ለማደግ ብዙ አሥርት ዓመታት የሚፈልገውን ጽድ ግን ሊተካ አልቻለም። ዛሬ በአዲስ አበባ ትልልቅ የጽድ ዛፎች በብዛት የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ ውስጥ ነው። በአጸድ የበቀለ ዛፍ እንዳይቆረጥ የጠበቀው የሕዝቡ እምነትና አክብሮት ነው። ስለዚህ ጥበቃ ከውጭ የመጣ አዲስ አሳብ ሳይሆን ከአባቶች የወረስነው ልማድ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከደኑ ወደ ሕንፃዎቹ ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ዕድሜዋ አጭር ቢሆንም የታሪክ ሕንፃዎቿ ጥቂት አይደሉም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡበት የእንጦጦ ማርያም፣ ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ በምኒልክ ግቢ የሚገኘው ታላቁ የግብር አዳራሽ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ እንደሆነ የሚነገርለት የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የተሠራው የለገሃር ጣቢያ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከነዚህም ሌላ በየሰፈሩ የመኳንንትና የነጋዴዎች መኖሪያ የነበሩ፣ ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩ፣ ሰፊ በረንዳና በጥበብ የተፈለፈለ የእንጨት ጌጥ ያላቸው ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች ሥራ ከኢትዮጵያውያን ግንበኞችና አናጢዎች ጋር የሕንድ፣ የአርመንና የሌሎች አገሮች ባለሙያዎች እጅ አለበት።

እነዚህን ሕንፃዎች መጠበቅ ለምን አስፈለገ? አንደኛ፣ ሕንፃ የታሪክ ምስክር ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተቃጥሎ ከነጻነት በኋላ የታደሰ ነው። ይህን ታሪክ በመጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ በግድግዳው አጠገብ ቆሞ ሲያየው፣ ያነበበው ነገር በእውነት የተፈጸመ መሆኑን ይረዳል። ሁለተኛ፣ ሕንፃ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። እንጨቱ ያለ ሚስማር እንዴት እንደተጋጠመ፣ በረንዳው ግድግዳውን ከዝናብ እንዴት እንደሚከላከል የሚያስተምረን ቤቱ ራሱ ነው። ሦስተኛ፣ ቅርስ የገቢ ምንጭ ነው፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ ጎብኚ በአገሩ ያለውን ዓይነት የመስታወት ፎቅ ለማየት ብሎ አይደክምም። አራተኛውና ዋነኛው ግን፣ ሰው ያደገበትን መንደር በምልክቱ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ምልክቱ ሁሉ የጠፋበት ነዋሪ በገዛ ከተማው እንግዳ ይሆናል።

ጥቅማቸው ይህን ያህል ከሆነ ቅርሶች የሚጠፉት ስለ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት የከተማይቱ ፈጣን ዕድገት ነው። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መኖሪያ፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ ያስፈልገዋል። በመሐል ከተማ የሚገኘው መሬት ዋጋው እየናረ ሲሄድ፣ በሰፊ ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ ቤት ከቤቱ ይልቅ መሬቱ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የጥገና ጉድለት ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ የጭቃ ቤት የሚፈርሰው በአንድ ቀን አይደለም። በመጀመሪያ የጣሪያው ቆርቆሮ ይዝጋል ወይም አሸንዳው ይዘጋል። ከዚያም ውኃው በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል፤ ምርጊቱ ይረግፋል፤ እርጥበቱ ቋሚውን ያበሰብሳል፤ የበሰበሰውንም ምስጥ ይጨርሰዋል። በመጀመሪያው ክረምት በአንድ ቆርቆሮ ሊድን ይችል የነበረው ቤት በዐሥረኛው ክረምት የሚድንበት መንገድ ይጠፋል። ያላዋቂ ጥገናም ከጉድለቱ አይሻልም። የጭቃ ግድግዳ የሳበውን እርጥበት መልሶ በአየር የሚያስወጣ ሲሆን፣ ለማሳመር ተብሎ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ በውስጡ ታፍኖ ይቀራል፤ ግድግዳውም ከውጭ አምሮ ከውስጥ ይበሰብሳል።

ሦስተኛው ምክንያት አደጋ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተነሣው እሳት የሕንፃውን ብዙ ክፍል አቃጠለ። ሆቴሉ በኋላ ታድሶ ሥራውን ቢቀጥልም፣ እሳቱ የበላውን የመቶ ዓመት እንጨት ግን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ከእንጨት የተሠራ የታሪክ ቤት የኤሌክትሪክ መስመሩ በየጊዜው ካልተመረመረና የእሳት ማጥፊያ ካልተዘጋጀለት፣ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውን ምክር መዘንጋት ይሆናል።

በዚህ ስፍራ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በየመንደሩ ከነበሩት ትልልቅ የቀድሞ መኖሪያዎች ብዙዎቹ ተከፋፍለው ለበርካታ ቤተሰቦች በአነስተኛ ኪራይ ተሰጡ። የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና ስለማይበቃና ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት ለማደስ አቅሙም መብቱም ስላልነበረው ቤቶቹ አረጁ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የምትኖር፣ በክረምት ከጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውኃ በድስት እየተቀበለች የምታድር፣ መጸዳጃ ቤቱን ከብዙ አባወራዎች ጋር የምትጋራ እናት፣ «ይህ ቤት ቅርስ ነውና አይነካም» ብትባል ምን ትላለች? «ቅርሱን ለእናንተ፣ ቤቱን ለእኔ ስጡኝ» ብትል አይፈረድባትም።

ይህ ተቃውሞ የቅርስ ጥበቃን አሳብ የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያርም ነው። ሰውን የሚረሳ የቅርስ ጥበቃ አይጸናም፤ ቤቱን የሚጠብቀው በመጨረሻ በውስጡ የሚኖረው ሰው ነውና። ስለዚህ ቤቱ ሲጠገን ነዋሪውም ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና በቂ መኖሪያ ሊያገኝ፣ መልቀቅ ካለበትም ከሥራውና ከጎረቤቱ ሳይርቅ ተገቢ ምትክ ሊሰጠው ይገባል። እንዲሁም አሮጌ ሁሉ ቅርስ አይደለም። ማንም ደግሞ ሊሠራው የሚችለውን ተራ ቤት አፍርሶ የተሻለ መሥራት ዕድገት ነው። ጥፋት የሚሆነው ሊደገም የማይችለውን ከሚደገመው ሳይለዩ ሁለቱንም በአንድ ዶማ መናድ ነው።

ይህን የመለየት ሥራ አስቸኳይ የሚያደርገው የጊዜያችን የግንባታ ፍጥነት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ በርካታ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንገዶች ሰፍተዋል፤ የእግረኛ መተላለፊያዎችና አረንጓዴ ቦታዎች ተሠርተዋል። ሰፊ መንገድና ንጹሕ አደባባይ ለከተማ የሚያስፈልጉ ናቸው። ይሁንና ፒያሳ የከተማይቱ የመጀመሪያ የገበያና የመዝናኛ ማዕከል ከመሆኑ የተነሣ፣ ከቤቶቹ ጋር የብዙ ሰው ትዝታና ጉርብትና አብሮ ሄዷል። ማሽን በአንድ ጧት የሚሠራውን ሥራ የቅርስ ባለሙያ በአንድ ጧት መርምሮ ሊጨርስ አይችልም። ስለዚህ ምርመራውና ምዝገባው ምን ጊዜም ከማሽኑ መቅደም አለበት።

የተፈጥሮ ቅርስም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች የሚነሡት ቀበናን የመሳሰሉ ወንዞች ከተማይቱን አቋርጠው በትንሹና በትልቁ አቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ተራራው በዛፍ፣ በቁጥቋጦና በሣር የተሸፈነ እንደሆነ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ ቀስ በቀስ ለምንጮች ይለቀዋል። ተራራው የተራቆተ፣ ሜዳውም በአስፋልትና በሲሚንቶ የተሸፈነ እንደሆነ ግን ዝናቡ የሚሰርግበት ስለማያገኝ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ አፈሩን ይጠርጋል፤ በወንዝ ዳር የሰፈሩትንም ድሆች ቤት ይወስዳል። የባሕር ዛፍ ደን ባዶ ከሆነ መሬት ቢሻልም፣ በሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደልብ ስለማያበቅል አፈሩን እንደ አገር በቀሉ ደን አይጠብቅም። በወንዞቹም ላይ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ቆሻሻ ሲጨመር፣ ከተማይቱ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ምሳሌ ትሆናለች።

ይህን ለማረም የተጀመሩ ሥራዎች አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በሚበልጥ ቦታ ላይ አገር በቀል ዕፅዋትን ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የወንዝ ዳርቻዎች ልማት ታቅዶ ሥራው ተጀምሯል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፍቷል። ነገር ግን የወንዝ ዳር ማማር ብቻውን ወንዙን አያድነውም፤ ወደ ወንዙ የሚገባው ፍሳሽ ሲቆምና በራስጌው ያለው ተራራ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ሲለብስ ነው ሥራው የሚፈጸመው።

ሕንፃዎችንም በተመለከተ መልካም ምሳሌዎች አሉን። ቅርስን መጠበቅ ማለት በር ቆልፎ ማስቀመጥ ማለት አይደለም፤ ሰው የማይገባበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ሆኖ ብዙ ተመራማሪዎችን አስተምሯል። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል። የምኒልክ ግቢ ከፊሉ ታድሶ በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ በሚል ስም ለጎብኚ ተከፍቷል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት፣ የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ታላቅ የመስታወት ሥዕል የሚገኝበት የአፍሪካ አዳራሽም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል። በእነዚህ ሁሉ ሕንፃው አዲስ አገልግሎት ሲያገኝ የጥገናውም ገንዘብና ተቆጣጣሪ አብሮ ተገኝቷል።

ይህ ችግር የአዲስ አበባ ብቻ ባለመሆኑ፣ ከሌሎችም ከተሞች የምንማረው አለ። ሐረር ጀጎል ከግንቡና ከውስጥ ቤቶቹ ጋር በ1998 ዓ.ም.፣ የኤርትራ ዋና ከተማ አስመራም በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ሁለቱም ሰው የሚኖርባቸው፣ የሚነግድባቸው ከተሞች ናቸው፤ ስለዚህ ኑሮና ቅርስ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ያሳያሉ። በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ፣ ዋንጋሪ ማታይ የተባሉት የሳይንስ ምሁር ተቃውመው ፓርኩን አዳኑ፤ በ1990ዎቹም ማብቂያ ላይ ለግንባታ ተሸንሽኖ የነበረውን የካሩራን ደን ለማዳን ታገሉ። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በካሩራ ጥላ ሥር የሚንሸራሸሩት የናይሮቢ ልጆች፣ አንድ ዜጋ በጊዜው «አይሆንም» በማለቱ ምን ያህል ጥቅም እንደተገኘ ሕያው ምስክሮች ናቸው።

በአገራችን ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች እንዲመዘገቡና ያለ ፈቃድ እንዳይነኩ ይደነግጋል። ሕግ ግን ብቻውን ዘብ አይቆምም። የባለሥልጣኑ ድርሻ ከማፍረስ በፊት ማጥናት፣ የመሐንዲሱ ድርሻ አዲሱን ሕንፃ አሮጌውን በማይውጥ መጠን መንደፍ፣ የባለቤቱና የተከራዩ ድርሻ ከክረምት በፊት አሸንዳ መጥረግና ቆርቆሮ መጠገን ነው። የተማሪውም ድርሻ ትንሽ አይደለም። በመንደሩ የሚገኘውን አሮጌ ቤት ማን እንዳሠራው፣ በምን እንደተሠራ፣ ማን እንደኖረበት ከአዛውንቶች ጠይቆ ሊጽፍ ይችላል። የአንድ ቤት ታሪክ ካልተጻፈ፣ ቤቱ በፈረሰ ጊዜ የፈረሰው ምን እንደነበር እንኳ የሚያውቅ አይገኝም።

በመግቢያችን ወደ ጠቀስነው ቤተሰብ ስንመለስ፣ ክርክሩ መቋጨት ያለበት በአንዱ ወገን አሸናፊነት አይደለም። ልጆቹ መኝታ ያስፈልጋቸዋል፤ አዲሱ ቤት መሠራት አለበት። ነገር ግን ከመሠራቱ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም፣ «ከምናፈርሰው ነገር ውስጥ ነገ ልንሠራው የማንችለው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የሚጠይቅ ከተማ እያደገ ይኖራል፤ ዘግይቶ የሚጠይቅ ግን መልሱን የሚያገኘው በፎቶግራፍ ውስጥ ብቻ ነው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው የተፈጥሮ ቅርስና የሕንፃ ቅርስ አይነጣጠሉም የሚሉት ስለ ምንድን ነው? ከአዲስ አበባ ታሪክ ማስረጃ ጥቀስ።

2. የጭቃ ቤት በውኃ የሚፈርስበትን ቅደም ተከተል በራስህ አነጋገር ግለጽ።

3. «ሰውን የሚረሳ የቅርስ ጥበቃ አይጸናም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አብራራ። ትስማማለህ? ምክንያትህን ስጥ።

4. በምትኖርበት አካባቢ የሚገኝ አንድ የቆየ ቤት፣ ዛፍ ወይም ምንጭ መርጠህ ከአዛውንቶች በመጠየቅ ታሪኩን በአንድ ገጽ ጻፍ።